«የማን ልጅ ነህ?»
በልዕለ ጀግኖችና በምናባዊ ፊልሞች ውስጥ ወላጅና አሳዳጊ ስላላቸው ስፍራ

መግቢያ

በሀገራችን ገጠር አንድ የማይታወቅ ልጅ በመንደር ሲያልፍ ያገኙት ሽማግሌ ብዙውን ጊዜ አስቀድመው የሚጠይቁት ስሙን ሳይሆን «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ነው። ልጁ የአባቱን ስም ሲናገር ከየት እንደ መጣ፣ ቢያጠፋ ማን እንደሚቈጣው፣ ቢቸገር ማን እንደሚሰበስበው ይታወቃል። ቀደም ባለው ዘመን ጀግና ሲፎክር የአባቱን ስም እየጠራ «የእገሌ ልጅ!» ይል ነበር፤ የፈጸመውም ጀብዱ የብቻው ሳይሆን የቤተሰቡ ሁሉ ክብር ሆኖ ይቈጠርለት ነበር።

ዛሬ ልጆቻችን በዲሽ፣ በስልክና በፍላሽ እየተቀባበሉ የሚመለከቱት ጀግና ከዚህ በእጅጉ ይለያል። ፊቱን በጭምብል ይሸፍናል፤ ስሙን ይደብቃል፤ አባቱና እናቱም አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩ ገና ሲጀመር ይሞታሉ። በዚህ ጽሑፍ «ልዕለ ጀግኖች» እያልን የምንጠራቸው፣ ከሰው በላይ የሆነ ኃይል የተሰጣቸው እነዚህ ባለ ታሪኮች፣ የአባታቸውን ስም በአደባባይ ሊጠሩ የማይችሉ ጀግኖች ናቸው።

ስለ እነዚህ ፊልሞች በወላጆች ዘንድ ዘወትር የሚነሣው ጥያቄ የድብድቡና የግድያው ብዛት ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ፊልሞቹ ድብድቡ ጋብ ባለ ጊዜ በለሆሳስ የሚሰጡት ሌላ ትምህርት አለ፤ ይኸውም አባት፣ እናት፣ አጎት፣ አክስት፣ አሳዳጊ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያሳዩበት ነው። ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጥናት ጥቂት የታወቁ ፊልሞችን በዚህ በኩል መርምረን፣ በመጨረሻ ከልጆቻችን ጋር ስንመለከት የሚረዳን አንድ መመዘኛ ለማቅረብ እንሞክራለን። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሀ. ወላጆች በመጀመሪያው ገጽ ለምን ይሞታሉ?

በመጀመሪያ የጀግኖቹን ዝርዝር በአጭሩ እንመልከት። ሱፐርማን በሕፃንነቱ፣ የተወለደበት ዓለም ሊፈርስ ሲል፣ አባቱና እናቱ በአንዲት መንኰራኵር ብቻውን ወደ ምድር ሰደዱት። የባትማን ወላጆች ዓይኑ እያየ በወንበዴ ጥይት ወደቁ። ስፓይደርማን፣ ማለትም የሸረሪት ሰው፣ በአጎቱና በአክስቱ ቤት ያደገ የሙት ልጅ ነው። የ«ስታር ዎርስ» ባለ ታሪክ ሉክ ስካይዎከርም እንዲሁ በአጎትና በአክስት እጅ አድጎ፣ እነርሱ በወታደሮች ተገድለው ቤታቸው ከተቃጠለ በኋላ ነው ከእርሻው የሚነሣው። ሃሪ ፖተርም ወላጆቹን ያጣው ገና በሕፃንነቱ ነው። ይህ ሁሉ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም።

አንደኛው ምክንያት የትረካ ዘዴ ነው። እናት ያለችው ልጅ በሌሊት በከተማው ጣሪያዎች ላይ እየዘለለ ወንበዴ ሊያሳድድ አይችልም፤ «በዚህ ሰዓት ወዴት ነው?» የምትለው አለችና። ደራሲው ልጁን ወደ አደጋ ሊልከው ሲያስብ አስቀድሞ የሚከለክለውን ሰው ከደጃፉ ያስወግዳል። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ በየሀገሩ የሚነገረው የጥንት ተረት ሁሉ በሙት ልጅና በእንጀራ ልጅ የተሞላ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የተመልካቹን ልብ ይመለከታል። ጥይት የማይበሳው፣ እሳት የማያቃጥለው ሰው ምን ሊጐዳው ይችላል? ምንም የማይጐዳው ከሆነ ስለ እርሱ የምንጨነቅበት ምክንያት የለም። ስለዚህ ደራሲው በሥጋው ላይ ሊያኖር ያልቻለውን ቍስል በቤተሰቡ ላይ ያኖረዋል። የማይደማው ሰው በአባቱ ሞት ይደማል።

ሦስተኛው ምክንያት ከደራሲዎቹ ሕይወት ጋር የተያያዘ ነው። ሱፐርማንን የፈጠሩት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የሚባሉ፣ በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ ይኖሩ የነበሩ፣ ከስደተኛ አይሁድ ቤተሰቦች የተወለዱ ወጣቶች ነበሩ። የሲግል አባት ልብስ ነጋዴ ነበር፤ በ1932 ሱቁ በሌቦች ሲዘረፍ ልቡ ቆሞ ሕይወቱ አለፈ። ከ6 ዓመት በኋላ፣ በ1938፣ ልጁ ጥይት የማይበሳውንና ወንበዴ የማይቋቋመውን ሰው ለዓለም አቀረበ። ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰው ለልጆች መጫወቻ ተብሎ ከታተመው ወረቀት በስተጀርባ አንድ አባቱን ያጣ ልጅ ይታየዋል። ከጥፋት ሊያድኑት ወላጆቹ በመንኰራኵር የሰደዱት ሕፃንም በደንገል ሣጥን ተደርጎ በወንዝ ዳር የተቀመጠውን ሙሴን እንደሚያስታውስ ብዙ ጸሐፊዎች አስተውለዋል።

እንግዲህ የወላጆች ሞት ሁልጊዜ ለቤተሰብ ንቀት ነው ማለት አይቻልም። ጉዳቱ የሚመጣው ሞታቸው የበቀል ክብሪት ብቻ ሲሆን ነው። ስለ ባትማን እናት ስሟ ማርታ መሆኑንና በብዙዎቹ ፊልሞች ሲተኰስባት ዕንቁዋ ከአንገቷ ተበጥሶ በመንገድ ላይ መበተኑን እናውቃለን። ምን ትወድ እንደ ነበር፣ ልጅዋን ምን ብላ ትመክረው እንደ ነበር የሚነግረን ፊልም ግን ጥቂት ነው። እንዲህ ያለች እናት በታሪኩ ውስጥ ያላት ሥራ መሞት ብቻ ነው። ልጆች ይህን ደጋግመው ሲመለከቱ፣ ወላጅ ማለት የጀግናው ታሪክ እንዲጀመር ከመንገድ የሚነሣ ሰው ነው የሚል ስሜት ሊያድርባቸው ይችላል።

ለ. ዘግይተው የመጡ አሳዳጊዎች

የእነዚህን ታሪኮች አመጣጥ የሚከታተል ሰው አንድ አስገራሚ ነገር ያገኛል፤ ደራሲዎቹ መጀመሪያ ጀግናውን ያለ አሳዳጊ ፈጠሩት፤ ኋላ ግን ተመልሰው አሳዳጊ ሰጡት።

የሱፐርማን ታሪክ በ1938 በ«አክሽን ኮሚክስ» መጽሔት ቍጥር 1 ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታተም፣ ሕፃኑን ያገኘው አንድ መንገደኛ ባለ መኪና ነው፤ እርሱም ለሙት ልጆች ማሳደጊያ አስረክቦት መንገዱን ይቀጥላል። ልጁ ያድጋል፤ ጉልበቱን ያውቃል፤ ከዚያም ለሰው ልጅ ጥቅም ሊያውለው ይወስናል። ለምን እንዲህ እንደ ወሰነ የሚያስረዳ አንድም ቃል የለም። ይህን ሁሉ ጉልበት የያዘ ሰው ቀማኛ ሳይሆን ረዳት እንዲሆን ያደረገው ምንድን ነው? ታሪኩ መልስ አልነበረውም።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1939፣ ጀግናው በራሱ ስም የተሰየመ መጽሔት ሲወጣለት ደራሲዎቹ ታሪኩን አሻሻሉት። አሁን ሕፃኑን የሚያገኙት ኬንት የሚባሉ በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ናቸው። ለማሳደጊያው ከሰጡት በኋላ ልባቸው አልችል ብሎ ተመልሰው እንደ ልጃቸው ይወስዱታል። ሰዎች እንዳይፈሩት ጉልበቱን እንዲሰውር፣ ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ሌሎችን እንዲረዳበት የሚያስተምሩት እነርሱ ናቸው። ጭማሪዋ ጥቂት መስመር ብትሆንም የጐደለውን መልስ አመጣች።

በ1978 ሪቻርድ ዶነር ያዘጋጀው ፊልም ይህንኑ አስፍቶ ያሳያል። ከጠፋው ዓለም የመጣው ሥጋዊ አባት ለልጁ ዕውቀትን ሁሉ አውርሶታል። በካንሳስ እርሻ ላይ የሚኖረው አሳዳጊው ጆናታን ኬንት ግን ያለው አንድ አሮጌ መኪና፣ የእህል ማሳና ጥቂት ምክር ነው። ጐረምሳው ችሎታውን ለእኩዮቹ ማሳየት እንዳማረው ባየ ጊዜ፣ ወደዚህ ምድር የመጣው በጨዋታ ሜዳ ለመታየት እንዳልሆነና ለአንድ ምክንያት እንደ ተላከ በጸጥታ ይነግረዋል። ወዲያውም በቤቱ ደጃፍ ልቡ ቆሞ ይሞታል። ልጁ በመቃብሩ አጠገብ ቆሞ ያ ሁሉ ኃይል እያለው አባቱን ሊያድን ባለመቻሉ ለእናቱ ያዝናል። ይህ ትዕይንት በፊልሙ ውስጥ ካሉት በረራዎች ሁሉ ይልቅ ስለ ሰው ብዙ ይናገራል፤ ኃይል የማይደርስበት ቦታ እንዳለ፣ ያም ቦታ ቤት እንደሆነ ያሳያልና።

የባትማንም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ጀግናው በ1939 ሲወጣ ብቻውን ነበር፤ ወላጆቹ እንደ ተገደሉ የተነገረው እንኳ በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ በወጣ እትም ነው። አልፍሬድ የሚባለው ቤት ጠባቂ አገልጋይ በ1943 ሲጨመር የመጣው ዐዋቂውን ሰው ለማገልገል ነበር። በኋላ ዘመን ትረካዎች ግን ያንን የሙት ልጅ ያሳደገው እርሱ ሆነ። ክሪስቶፈር ኖላን በ2005 ባዘጋጀው ፊልም፣ ከቀብሩ በኋላ ትንሹ ልጅ ከቲያትር ቤቱ ቀድመን እንውጣ ያልኩት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ ሲያለቅስ፣ አቅፎት ጥፋቱ የገዳዩ ብቻ መሆኑን የሚያስረዳው አልፍሬድ ነው። ይህን ቃል የሚነግረው ሰው ባይኖር ኖሮ ያ ልጅ ምን ይሆን ነበር? ከታሪኩ ሁሉ ትልቁ ጥያቄ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ኃይል ከየትም ሊመጣ ይችላል፤ ከሌላ ዓለም፣ ከሀብት፣ ከሸረሪት ንክሻም ቢሆን። ኅሊና ግን የሚመጣው በትዕግሥት ካሳደገ ሰው ነው። የእኛም ቋንቋ የእናትን ባል «እንጀራ አባት» ሲል ሰውየውን በሚያበላው እንጀራ ይጠራዋል። ስሙ ብዙ ጊዜ በመጥፎ ቢነሣም በውስጡ የያዘው ሐሳብ ከባድ ነው፤ በየዕለቱ የሚቈረሰው እንጀራ አባትነትን ይሠራል።

ሐ. «አንተ አባቴ አይደለህም»

በስፓይደርማን ታሪክ ይህ ጉዳይ ይበልጥ ይጠብቃል። ባለ ታሪኩን በ1962 የፈጠሩት ስታን ሊና ስቲቭ ዲትኮ ሲሆኑ፣ በ2002 ሳም ሬይሚ ወደ ፊልም አምጥቶታል። ፒተር ፓርከር ኃይሉን ካገኘ በኋላ አጎቱ ቤን በጠባዩ መለወጥ ተጨንቆ በመኪና ውስጥ ሊመክረው ይሞክራል፤ ጉልበት ያለው ሰው ኃላፊነትም እንዳለበት ይነግረዋል። ልጁ ግን ይቈጣል፤ አባቱ እንዳልሆነ፣ አባት መምሰሉንም እንዲተው ይነግረዋል። ሰውየውም ዝም ይላል።

በዚያው ምሽት ፒተር ለትግል ውድድር የተባለለትን ገንዘብ ይከለከላል። ወዲያው ሌባ የከለከለውን ሰው ዘርፎ በፊቱ ሲሮጥ ሊያቆመው እየቻለ፣ ምን ቸገረኝ ብሎ ያሳልፈዋል። ያ ሌባ መኪና ለመቀማት ሲል ሊወስደው የመጣውን አጎቱን በጥይት ይመታዋል። ስለዚህ ፒተር ለአጎቱ የተናገረው የመጨረሻ ቃል ያ የመኪና ውስጥ ቃል ሆኖ ይቀራል።

ይህ ታሪክ ከሱፐርማን የሚለየው አሳዳጊው በዕድሜ ወይም በበሽታ ሳይሆን በልጁ ቸልተኝነት ምክንያት በመሞቱ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሠራው በጎ ሥራ ሁሉ ዕዳ እንደ መክፈል ነው። በ2004 በወጣው ሁለተኛው ፊልም ፒተር የደበቀውን እውነት ለአክስቱ ሜይ በጠረጴዛ ዙሪያ ይነግራታል። እርሷም እጇን ከእጁ ላይ አንሥታ፣ አንድ ቃል ሳትናገር ወደ ክፍሏ ትሄዳለች። ይቅርታዋ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፤ እውነቱን መናገሩ ድፍረት እንደ ነበረና እንደምትወደው ትነግረዋለች። ፊልሙ ይቅርታን ርካሽ አላደረገውም፤ መጀመሪያ ዝምታውን፣ ኋላ ቃሉን አሳየን። አሮጊቷ ሴት አንድም ልዩ ኃይል የላትም፤ ሆኖም ጀግናው ሊሸከመው ያልቻለውን ሸክም ያቀለለችለት እርሷ ናት።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። አባት ወይም እናት በሞት ተለይተው፣ ወይም ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ሄደው፣ በአያት፣ በአክስትና በአጎት እጅ የሚያድጉ ልጆች በየሰፈራችን አሉ። በእነዚህ ቤቶችም አንድ ቀን «አንተ አባቴ አይደለህም»፣ «አንቺ እናቴ አይደለሽም» የሚለው ቃል ይሰማል። ቃሉ የሚያቈስለው እውነት ስለሆነ ነው፤ ደግሞም እውነቱ ያ ብቻ ስላልሆነ ነው።

መ. የአባት ዕዳ

እስካሁን ያየናቸው አሳዳጊዎች ደጎች ናቸው። አባት ራሱ በዳይ ሲሆንስ? በዚህ ላይ ሁለት ፊልሞች በጥልቀት ይናገራሉ።

በ1977 በተጀመረው በ«ስታር ዎርስ» ሉክ አባቱ በክፉው ዳርት ቬደር እንደ ተገደለ ይነገረዋል። በ1980 በወጣው ሁለተኛው ፊልም ግን ጭምብል የለበሰው ዳርት ቬደር ራሱ አባቱ መሆኑን ያውቃል። መምህሩ ለደግ ብሎ የነገረው ነገር እውነቱን የሸፈነ ነበር። በ1983 በወጣው ሦስተኛው ፊልም ሉክ የገዛ አባቱን ሊገድል እንደማይችል ሲናገር፣ መምህሩ እንግዲያው ጠላት አሸንፏል ማለት ነው ብሎ ተስፋ ይቈርጣል። ሉክ ግን አባቱን ድል ካደረገው በኋላ መሣሪያውን ይወረውራል። ንጉሡ ልጁን በመብረቅ ሊገድል ሲል አባት ይነሣና ጌታውን ጥሎ ልጁን ያድናል፤ በዚህም ራሱ ይሞታል። ከመሞቱ በፊት ጭምብሉን እንዲያወልቅለት የለመነው በገዛ ዓይኑ ልጁን ለማየት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች አብረው መታየት አለባቸው። ልጁ የአባቱን ክፋት አልካደም፤ መልካም ነበር አላለም። ነገር ግን አባትነቱንም አልካደም። ብዙ ልጆች የበደለ አባት ሲገጥማቸው ከሁለት አንዱን ብቻ እንዲመርጡ ይገደዳሉ፤ ወይ በደሉን መሸፈን፣ ወይ አባትን መሰረዝ። ይህ ታሪክ ሦስተኛ መንገድ ያሳያል።

በ2018 ራያን ኩግለር ያዘጋጀው «ብላክ ፓንተር» ደግሞ የንጉሥ ቤተሰብ ታሪክ ነው። ዋካንዳ የምትባል ምናባዊት የአፍሪካ ሀገር ንጉሥ ቲቻካ በ1992 በአሜሪካ ኦክላንድ ከተማ የገዛ ወንድሙን ይገድላል፤ ምስጢሩም እንዳይወጣ የወንድሙን ትንሽ ልጅ በዚያው ጥሎት ይመለሳል። ያ ልጅ ያለ አባት፣ ያለ ሀገር አድጎ፣ በቍጣ የተሞላ ወታደር ሆኖ ዙፋኑን ሊነጥቅ ይመጣል። አዲሱ ንጉሥ ቲቻላ የሚዋጋው ጠላት የአጎቱ ልጅ ነው፤ ጠላት ያደረገውም የአባቱ ሥራ ነው።

ቲቻላ በራእይ ከአባቶቹ ፊት ሲቆም አባቱን እንደ በደለ ይነግረዋል፤ የቀድሞዎቹንም ነገሥታት ተሳስታችኋል ይላቸዋል። የአባቱን ክብር ከልቡ የሚወድ ልጅ ይህን ለመናገር ምን ያህል እንደሚከብደው አንባቢ ይገምታል። በመጨረሻም ልጁ በተጣለበት በኦክላንድ፣ አጎቱ በሞተበት ሕንፃ፣ ለአካባቢው ሰዎች የርዳታ ማእከል ያቋቁማል። የአባት ዕዳ በፉከራ አይከፈልም፤ በተበደለው ደጃፍ ሄዶ በመሥራት ይከፈላል። ፊልሙ ክፉውን ሰው ከሰማይ እንደ ወረደ ጭራቅ ሳይሆን እንደ ተጣለ ልጅ አድርጎ ማቅረቡ ትልቅ ቁም ነገር ነው። «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ የጠየቀው ሰው ቢኖር ኖሮ ጠላት ባልሆነ ነበር።

ሠ. ማሳደግ ብቻውን ይበቃልን?

አንዳንድ አንባቢ «እንግዲያው የወለደ ሁሉ ክፉ፣ ያሳደገ ሁሉ ደግ ነው ማለት ነውን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ፊልሞቹ ራሳቸው ይህን ያርማሉ።

በ2018 በወጣው «አቬንጀርስ፦ ኢንፊኒቲ ዋር» ታኖስ የሚባለው ኃያል የፍጥረትን ግማሽ ሊያጠፋ ይነሣል። ጋሞራ የምትባለውን ልጅ የሕዝቧን ግማሽ ጨርሶ ወስዶ አሳድጓታል፤ ልጄም ይላታል። ዓላማውን ለመፈጸም የሚወድደውን መሠዋት እንዳለበት ሲነገረው እያለቀሰ ከገደል ይወረውራታል። ታሪኩ ዕንባውን እንደ እውነተኛ ፍቅር ይቈጥርለታል። እዚህ ላይ ተመልካች ከፊልሙ ጋር ሊከራከር ይገባል። ልጁን የዓላማው ዋጋ አድርጎ የሚከፍል አባት ዕንባ ሊኖረው ይችላል፤ ያ ዕንባ ግን ለንብረቱ የሚያለቅስ ሰው ዕንባ ነው።

ከዚህ ጋር በ2017 ጄምስ ገን ያዘጋጀውን «ጋርድያንስ ኦቭ ዘ ጋላክሲ» ሁለተኛ ክፍል እናነጻጽር። ፒተር ክዊል ሲናፍቀው የኖረውን ወላጅ አባቱን ያገኛል፤ አባቱ ኃያልና ባለ ግርማ ነው። ነገር ግን የልጁን እናት ለሞት ያበቃት እርሱ ራሱ መሆኑ፣ ልጁንም የፈለገው በኃይሉ ሊገለገልበት መሆኑ ይገለጣል። በአንጻሩ ያሳደገው ዮንዱ ሻካራ ወንበዴ ነው፤ ልጁን ከምድር የነጠቀው፣ ሲያስፈራራው የኖረው እርሱ ነው። በመጨረሻ ግን ሁለቱን ሊያድን የሚችል አንድ የሕዋ ልብስ ብቻ ሲቀር ለልጁ ሰጥቶት ራሱ ይሞታል።

መመዘኛው እንግዲህ ሥጋ ብቻ አይደለም፤ እንጀራም ብቻ አይደለም። መመዘኛው ይህ ነው፦ ታላቁ ራሱን ለልጁ ይሰጣልን? ወይስ ልጁን ለራሱ ዓላማ ይሰጣል? ኬንት፣ ቤን፣ ሜይ፣ አልፍሬድ፣ በመጨረሻዋ ሰዓት ዳርት ቬደርና ዮንዱ ራሳቸውን ሰጡ። ታኖስ ልጁን ከፈለ። ቲቻካ የወንድሙን ልጅ ለመንግሥቱ ምስጢር ከፈለ። ጭምብሉና ሰይፉ ሲወገድ ታሪኮቹ ሁሉ የሚለዩት በዚህ ነው።

ረ. ቤተሰቡ ሙሉ ሲሆን

በብዙዎቹ ፊልሞች የጀግናው ወዳጅና ዘመድ ሌላ ሥራም አለው፤ ይኸውም መታገት ነው። ጠላት ጀግናውን ማሸነፍ ሲያቅተው አክስቱን ወይም እጮኛውን ይይዛል። ስለዚህ በ2002ቱ ፊልም መጨረሻ ስፓይደርማን የሚወዳትን ልጅ ከእርሱ ያርቃታል። የዚህ ትምህርት ፍሬ ልብ ሊባል ይገባል፤ ቤተሰብ የጀግና ድካም ነው፣ ትልቅ ሥራ የሚሠራ ሰው ብቻውን ቢሆን ይሻለዋል የሚል ይመስላል። ቤቱን ረስቶ ለሥራው ብቻ የሚኖር አባት በዚህ ሐሳብ ውስጥ መሸሸጊያ ያገኝበታል።

ለዚህ ጥሩ መልስ የሰጠው ብራድ በርድ በ2004 ያዘጋጀው «ዘ ኢንክሬዲብልስ» የተባለው የካርቱን ፊልም ነው። እዚህ አባትም እናትም በሕይወት አሉ፤ ሦስት ልጆችም አሏቸው። የእያንዳንዳቸው ኃይል በቤቱ ውስጥ ካላቸው ስፍራ ጋር ይመሳሰላል። አባት ብርቱ ነው፤ እናት በየአቅጣጫው ትዘረጋለች፤ ዐይነ አፋሯ ጐረምሳ ልጅ ትሰወራለች፤ ትንሹ ወንድሟ አንድ ቦታ መቀመጥ አይችልም፤ ሕፃኑም ገና ምን እንደሚወጣው አይታወቅም። እናት የሆነች ሴት ሁሉ የዚያችን እናት ክንድ መዘርጋት ሳትስቅ አታልፍም።

አባትየው በኢንሹራንስ ቢሮ ተቀምጦ የቀድሞ ዝናውን ይናፍቃል፤ ከሚስቱ ደብቆ ወደ ጀብዱ ይመለሳል። ይህ ውሸት ቤተሰቡን ሁሉ ለሞት ያቀርባል። ሞተዋል ብሎ ባሰበ ጊዜ ምን እንዳጣ ይገባዋል። በኋላም ሲያገኛቸው እንደ ገና ብቻውን ሊዋጋ ይፈልጋል፤ ምክንያቱን ሲጠየቅ ግን እነርሱን እንደ ገና ለማጣት ብርታት እንደሌለው ለሚስቱ ይናገራል። እርሷም አብረን ከሆንን አታጣንም ትለዋለች። ከሰው ሁሉ የበረታው ሰው ደካማ መሆኑን የተናዘዘው ለሚስቱ ነው፤ የዳነውም በዚያ ነው።

ይህ ፊልም የሚያስተምረን ቤተሰብ እንዲጠፋ ሳይደረግም አስደሳች ታሪክ መሥራት እንደሚቻል ነው። ደራሲው ወላጆችን የሚገድላቸው ያለ እነርሱ ታሪክ ስለማይኖር ሳይሆን ከእነርሱ ጋር ታሪክ መሥራት የበለጠ ድካም ስለሚጠይቅ ይመስላል።

ሰ. ከልጆቻችን ጋር ስንመለከት

እነዚህን ፊልሞች መከልከል አንዱ መንገድ ነው፤ ነገር ግን በቤት የተከለከለው በጎረቤት ስልክ ይታያል። የሚሻለው አብሮ ተቀምጦ ማየትና ኋላ መጠየቅ ነው። ልጆች «ማን ያሸንፋል?» ብለው ይመለከታሉ። እኛ ደግሞ «ይህን ልጅ ማን አሳደገው?» ብለን ብንጠይቅ ፊልሙ ሌላ መልክ ይይዛል። በተለይም በአያትና በአክስት እጅ የሚያድግ ልጅ፣ የዓለም ታላላቅ ጀግኖች የተባሉት እንደ እርሱ በሌላ ሰው ቤት ማደጋቸውን፣ ለጀግንነት ያበቋቸውም አሳዳጊዎቻቸው መሆናቸውን ሲረዳ ይጽናናል። አሳዳጊዋም አክስት ጨዋታውን ሰምታ፣ ድካሟ ስም እንዳለው ታውቃለች።

በቤተሰብ ወይም በወጣቶች ስብሰባ ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

1. በቅርብ ባያችሁት ፊልም የጀግናው እናት ከመሞቷ ወይም ከመታገቷ በቀር ምን ሠራች? ምን ተናገረች?

2. ጀግናው ኃይሉን ከማን አገኘው? ኅሊናውንስ?

3. በታሪኩ ውስጥ ያለው አባት ወይም አሳዳጊ ራሱን ለልጁ ሰጠ ወይስ ልጁን ለዓላማው ከፈለ?

4. ክፉ የተባለው ሰው የማን ልጅ ነው? ማን ጣለው?

5. ጀግናው ለቤተሰቡ የዋሸው እነርሱን ለማዳን ነው ወይስ ራሱን ከጥያቄ ለማዳን?

6. ለአንድ አሳዳጊ «አንተ አባቴ አይደለህም» ብሎ የተናገረ ልጅ ነገሩን እንዴት ሊያስተካክል ይችላል? ይህን ቃል የሰማ አሳዳጊስ ምን ቢመልስ ይሻላል?

ከእነዚህ ጥያቄዎች ስድስተኛው በፊልም ውስጥ መልሱ ዘግይቶ የመጣ፣ ለአጎት ቤን ግን ጨርሶ ያልደረሰ ነው። በቤታችን ግን አሳዳጊው ዛሬ ማታ በማዕድ ዙሪያ ስለሚቀመጥ ጊዜው አላለፈም።